የሳህን ዲዛይን ሐሳብ ከየት ይመጣል? ለአንዲት ሸክላ ሠሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሁለት ዓመት በመንኮራኩር ላይ ጎድጓዳ ሳህን ስሠራ ቆይቻለሁ። እጄ ደህና ሆኗል፤ ጭቃው አሁን ይታዘዘኛል። የቸገረኝ ዲዛይኑ ነው። ፒንተረስትና ኢንስታግራም ላይ ሰዓታት አጠፋለሁ፣ ብዙ ፎቶ አስቀምጣለሁ፤ ቁጭ ብዬ ስጀምር ግን ወይ ያየሁትን እገለብጣለሁ፣ ወይ ያው የለመድኩት ሳህን ይወጣል። ሐሳብ የሚመጣው ከየት ነው? ከሌላ ሰው ሥራ መውሰድስ ሌብነት ነው ወይ? ሥዕል ደግሞ አልችልም፤ እንቅፋት ይሆንብኛል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ያለኝ «ጭቃው ይታዘዘኛል» ማለትሽ ነው። እዚያ ለመድረስ ብዙ ሰው ዓመታት ይፈጅበታል። እዚያ የደረሰ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ እንዳንቺ ግራ ይጋባል። እጅ እስኪለምድ ጥያቄው «እንዴት ልሥራ» ነው፤ ከለመደ በኋላ «ምን ልሥራ» ይመጣል። ሁለተኛው ይከብዳል። አጠገብሽ ቆሞ ክርንሽን የሚያስተካክልልሽ አስተማሪ የለማ።

የኔን ሐሳብ ቀድሜ ልንገርሽ። አንቺ ሐሳብ ያጠረሽ አይመስለኝም፤ እንዲያውም በዝቶብሻል። ስልክሽ ውስጥ ስንት መቶ ሳህን ተቀምጧል? ያጠረሽ ጥያቄ ነው። «ዛሬ ቆንጆ ሳህን ልሥራ» ብለሽ መንኮራኩሩ ላይ ከተቀመጥሽ እጅሽ ወደሚያውቀው ይሄዳል፣ መሄዱም አይገርምም። «ከንፈሩን ወደ ውስጥ ባጎነብሰው ሆዱ ምን ይሆናል?» ብለሽ ከተቀመጥሽ ግን እጅሽ ሳይወድ በግዱ ወዳልሄደበት ይሄዳል። በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። አሁን ወደኋላ ሳይ የምወዳቸው ሳህኖቼ በሙሉ የመጡት ከአንዲት ጠባብ ጥያቄ ነው። በጠቅላላው «ልዩ ነገር ልሥራ» ብዬ የሠራሁት አንድም የለበትም።

ስለ ፎቶ ትንሽ ልበል፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ። ሳህን ፎቶ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከጎን ወይም ከጎን ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። የሚበላበት ሰው ግን ከላይ ነው የሚያየው፣ ማለትም ውስጡን። ፎቶ ክብደቱን አይነግርሽም። ከንፈሩ ከንፈርሽ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሰማ አይነግርሽም። እግሩን፣ ማለትም ከሥሩ የሚቆምበትን ቀለበት፣ አያሳይሽም፤ ውስጡና ውጪው ተመሳሳይ ቅርጽ ይኑራቸው ወይስ ግድግዳው ታች ላይ ይወፍር አታውቂም። ስለዚህ ፎቶ አይተሽ ስትሠሪ የምትወስጂው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቀለሙንና የውጪውን መስመር። የቀረውን ባዶ ቦታ እጅሽ በልማድ ይሞላዋል። «ወይ እገለብጣለሁ ወይ የለመድኩት ይወጣል» ያልሽው ሁለት ችግር መስሎሻል፤ እኔ እንደማየው ሁለቱም በአንድ ሳህን ላይ በአንድ ጊዜ እየደረሱብሽ ነው።

ለአንድ ወር ፎቶ ማስቀመጥ ተዪ። ማየቱን ተዪ አላልኩም፣ ማስቀመጡን ነው። በምትኩ ቤትሽ ያሉትን ሳህኖች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አውጪ፣ በፋብሪካ የተሠራውንም ጨምሪ። ዓይንሽን ጨፍነሽ አንድ በአንድ ዳስሺያቸው። የትኛው መዳፍሽ ውስጥ ልክ ይገባል? የትኛው ከሚመስለው በላይ ይከብዳል? የትኛው ከንፈሩ ስለታም ነው? ከዚያ ገልብጠሽ እግራቸውን እዪ። ሰው ሳህን ሲገዛ እግሩን ብዙ አያይም፤ ሸክላ ሠሪ ግን ከሁሉ በፊት ገልብጦ የሚያየው እግሩን ነው። የሳህኑ አቋም በሙሉ የሚወሰነው እዚያ ነው። እግሩ ከአፉ ስፋት አንድ ሦስተኛ አካባቢ ሲሆን ሳህኑ ከጠረጴዛው ከፍ ያለ፣ ቀለል ያለ ይመስላል፤ ከሥሩ ጥላ ይገባል፣ ያ ጥላ ነው የሚያነሳው። ግማሽ ገደማ ሲሆን ደግሞ ይረጋጋል፣ ይቀመጣል። አንድ ዓይነት ሆድ፣ አንድ ዓይነት ከንፈር ያላቸው ሁለት ሳህኖች በእግራቸው ብቻ የሁለት ሰው ሥራ ሊመስሉ ይችላሉ።

ሌላም የሚያም ነገር ልጨምርልሽ። ገና ካልደረቁት ሳህኖችሽ ውስጥ የምትወጂውን አንዱን መርጠሽ በሽቦ ለሁለት ቁረጪው። እኔ አሁንም አደርገዋለሁ። ከላይ እስከ ታች ያለውን ውፍረት ስታዪ ዓይንሽ የማያየውን እጅሽ ሲያደርገው የኖረውን ልማድ ታገኚዋለሽ። የኔ ልማድ ከወለሉ ወደ ግድግዳው በሚታጠፍበት ቦታ ጭቃ መተው ነበር። ያቺ ጥግ ናት ሁሉንም ሳህኔን አንድ ዓይነት ያደረገችው፣ ለረጅም ጊዜ ግን ጥፋተኛው ግሌዙ (ተቀብቶ በእሳት እንደ መስታወት የሚሆነው ሽፋን) ይመስለኝ ነበር።

እሺ፣ ሐሳቡ ራሱ ከየት ይምጣ? ከሳህን ውጪ ካሉ ነገሮች ጀምሪ። ከሳህን ወደ ሳህን ስትሄጂ ሌላ ሰው ያገኘውን መልስ ነው የምትወስጂው። ከሌላ ነገር ወደ ሳህን ስትሄጂ ግን መተርጎም ግድ ነው፤ ስትተረጉሚ ደግሞ የራስሽ የሆነ ነገር ሳታስቢው ይገባበታል።

አንድ ቀላል ነገር ልስጥሽ። ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፊ። በእኩል ከፍታ ሁለት ምስማር ምቺና ቀጭን ሰንሰለት በሁለቱ መካከል ስቀዪ፣ የአንገት ሐብልም ይሆናል። ሰንሰለቱ በራሱ ክብደት ወርዶ የሚሠራው ጉብጠት የሳህን መስመር ነው። እርሳስሽን ይዘሽ ተከተዪው። ሰንሰለቱን አስረዝሚ፣ ደግመሽ ሣዪ። ምስማሮቹን አራርቂ፣ ደግመሽ ሣዪ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከጠፍጣፋ እስከ ጥልቅ አሥራ አምስት መስመር ይኖርሻል፣ ሁሉም የሚዋደዱ፣ ምክንያቱም የሠራቸው አንድ ኃይል ነው። ደስ የሚልሽን መርጠሽ ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ላይ ገልብጪና ቁረጪ፤ የውስጡን ግድግዳ ማለስለሻ ሆነ ማለት ነው። መስመሩን ስትለኪ ግን ጭቃው እንደሚጨማደድ አትርሺ። ብዙ ጭቃ ከእርጥብ እስከ መጨረሻው እሳት ከ10 እስከ 13 በመቶ ያጥራል። ጭቃሽ 12 በመቶ የሚያጥር ከሆነ ተቃጥሎ 15 ሳንቲሜትር የሚሆን ሳህን ሲሠራ 17 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መንኮራኩሩ ላይ ሰፊና ለጋስ የነበረው ከእቶኑ ሲወጣ ጭንቅ ብሎት ይወጣል።

የተፈጥሮን ነገርም ሁሉም ሰው ይመክርሻል፣ ልክም ናቸው፤ ግን እንዴት እንደሚታይ አይነግሩሽም። አብዛኛው ሰው ቅጠል አይቶ ቅጠል ይሥላል። አንቺ ግን የምታዪው ነገር ራሱን እንዴት እንዳቆመ ጠይቂ። ዱባ ለምን ሸንተረር አለው? የባሕር ዛጎልስ? ቀጭን ወረቀት ቀጥ አድርገሽ ብታቆሚው ይወድቃል፤ እንደ ማራገቢያ ብታጣጥፊው ይቆማል። ሸንተረር ቀጭን ግድግዳን ያጠነክራል። ይህን ካወቅሽ በኋላ ሳህንሽ ላይ ሸንተረር ስታወጪ ጌጥ ብቻ አይሆንም፤ ግድግዳውን ማሳሳት ትችያለሽ፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ጣት መያዣ ያገኛል፣ ግሌዙም ከጫፎቹ ሳስቶ ስርጉዱ ውስጥ ይጠራቀምና የቀለም ልዩነት ይሰጥሻል። ከአንድ ዱባ አራት ነገር ወሰድሽ ማለት ነው፣ ሳህኑ ደግሞ ዱባ አይመስልም።

ሁለተኛው ምንጭ አጠቃቀሙ ነው። እኔ በበኩሌ ከሁሉም አብልጬ የማምነው ይሄን ነው። አንድ ጊዜ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ሳህን እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ማንኪያቸው ከግድግዳው ላይ ይንሸራተትና ምግቡ በከንፈሩ በኩል ይወጣባቸዋል። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ የምሠራው እንደ አበባ የተከፈተ፣ ከንፈሩ ወደ ውጪ የተዘረጋ ሳህን ነበር፤ ለሳቸው ከዚያ የከፋ ቅርጽ የለም። ስለዚህ ግድግዳውን አቆምኩት፣ ከንፈሩን ትንሽ ወደ ውስጥ መለስኩት፣ ማንኪያ ሲገፋው ምግቡ ተመልሶ ማንኪያው ላይ እንዲወድቅ። እግሩን አሰፋሁ፣ ታች ላይ ጭቃ ሆን ብዬ ተውኩ፣ እንዳይገለበጥ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አስቀያሚ ነበሩ። ሦስተኛው ላይ ግን የሆነ ነገር ተከሰተ። ያ ወደ ውስጥ የሚመለስ ከንፈር ሳህኑን ዝምተኛ፣ ሰብሰብ ያለ አደረገው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሠራሁት መስመር በሙሉ የመጣው ከሳቸው ሳህን ነው። ስለ ቁንጅና አንድም ጊዜ አላሰብኩም ነበር።

እንዲህ ያለ ምሳሌ በታሪክም አለ። በቻይና በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ960 እስከ 1279) በፉጂየን ግዛት የተሠሩትን ጂየን የሚባሉ ጥቁር የሻይ ሳህኖች ፈልገሽ እያቸው። በዚያን ጊዜ የሻይ ዱቄት በሙቅ ውሃ ተመቶ ነጭ አረፋ እንዲያወጣ ይደረግ ነበር። ነጭ አረፋ በነጭ ሳህን ውስጥ አይታይም፤ በጥቁር ውስጥ ግን ቁልጭ ይላል። ወፍራም ግድግዳቸው ደግሞ ሙቀቱን ይይዛል። ዛሬ ሰው «የጥንቸል ፀጉር» እያለ የሚያደንቀው ከከንፈሩ ወደ ታች የሚወርደው ቡናማ ጭረት የመጣው በግሌዙ ውስጥ የበዛው ብረት በእሳቱ ጊዜ ተለይቶ ሲፈስ ነው። ግሌዙ ወፍራምና ፈሳሽ ስለሆነ ደግሞ እግሩ ድረስ አይቀቡትም፤ ከላይ ያቆሙታል፣ ወርዶ ዳር ላይ እንደ ወፍራም ጠብታ ይቆማል። ጥቁሩም፣ ውፍረቱም፣ ያልተቀባው እግርም ምክንያት አላቸው። ዓይንሽ የሚያርፍባቸውም ለዚህ ይመስለኛል።

አንቺም ከመቀመጥሽ በፊት ሳህኑ የማን እንደሆነ አስቢ። በአንድ እጅ ነው የሚያዘው በሁለት? ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል ወይስ ሶፋ ላይ ጭን ላይ? ትኩስ ነገር ይገባበታል? ከሌሎች ጋር ይደረደራል? «ትኩስ ሾርባ፣ በሁለት እጅ፣ ያለ ማንኪያ» ብቻ ብትይ እንኳ ቅርጹ ግማሽ ተወስኗል። መዳፍ እንዳይቃጠል እግሩ ከፍ ይላል፣ ከንፈሩ ለመጠጣት ይሳሳል፣ አፉ ጠበብ ይላል። ከዚያ በኋላ የቀረው ግማሽ ያንቺ ነው።

አሁን ወደ ሌብነቱ ልምጣ። ይህ ጥያቄ እንደሚያስጨንቅሽ ከአጻጻፍሽ ይታያል፣ መጨነቅሽንም አከብራለሁ። ግን የሸክላ ታሪክ ራሱ ምን ይላል? በ9ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ኢራቅ በባስራ አካባቢ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች ከቻይና በንግድ የመጡ ነጭ ሳህኖች አዩ። ወደዷቸው፣ መሥራትም ፈለጉ። ግን ያ ነጭ ጭቃ በአገራቸው የለም። ስለዚህ ቢጫማ ጭቃቸውን ቆርቆሮ ማዕድን በገባበት ነጭ ግሌዝ ሸፈኑት። ነጩን ካገኙ በኋላ ደግሞ ባዶውን አልተዉትም፤ ኮባልት በሚባል ማዕድን ሰማያዊ ሣሉበት። ቻይናዎቹን ሊቀዱ ተነስተው አዲስ ነገር ወለዱ። ዘመናት አለፉና በ14ኛው ክፍለ ዘመን በቻይና የጂንግዴጄን ከተማ ሸክላ ሠሪዎች ከፋርስ አካባቢ የመጣ ኮባልት ይዘው በነጩ ጭቃቸው ላይ ሰማያዊ ሥዕል መሣል በሰፊው ጀመሩ። ያ ሰማያዊና ነጭ ደግሞ በመርከብ አውሮፓ ገባ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኔዘርላንድ የደልፍት ከተማ ሠሪዎች እንደገና ሊቀዱት ሲሞክሩ፣ ያው ነጭ ጭቃ ስለሌላቸው፣ የባስራዎቹ ዓይነት የቆርቆሮ ግሌዝ ተጠቀሙ። እነዚህ ሁሉ ቀድተዋል። ግን የያዙት ጭቃና የቆሙበት ቦታ እንደ ዋናው እንዳይሆን ከለከላቸው፣ አዲሱም ነገር ከዚያ መጣ። እና አንቺ ስትቀጂ ያልመሳሰለልሽ ቦታ ላይ ቁሚ። እዚያ ላይ ብዙ ሰው ተናዶ ሳህኑን ይጥላል። እኔ ግን ከዚያ ጀምሪ ነው የምልሽ።

መቅዳትን ትምህርት የሚያደርገው አንድ ልማድ አለኝ። ሙዚየም ውስጥ ወይም በሙዚየም ድረ ገጽ ላይ አንድ የጥንት ሳህን እመርጣለሁ። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እና የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ስብስባቸውን በኢንተርኔት ከፍተዋል፤ ልኩን በሳንቲሜትር ይነግሩሻል፣ አንዳንዴ እግሩንም ያሳዩሻል፣ ከፒንተረስት የሚሻሉት በዚህ ነው። አሥር ደቂቃ ሙሉ ያንን አንዱን ብቻ አያለሁ። ከዚያ እዘጋዋለሁ፣ አላስቀምጠውም። በማግስቱ ከትዝታዬ እሠራዋለሁ። ትዝታ ያጣራል። የጠፋብኝ ነገር መጀመሪያውኑም አልነካኝም ነበር ማለት ነው፤ የቀረውን ግን ዓይኔ የመረጠው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስተያይ የኔ ሳህን ከዋናው ይርቃል፣ የሚርቅበት አቅጣጫ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው። ያ ወገን የኔ ነው።

ሉሲ ሪ የተባለችውን ሸክላ ሠሪ ልጥቀስልሽ። በ1902 ቪየና ተወለደች፣ በ1938 ወደ ለንደን ተሰደደች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለልብስ የሚሆን የሸክላ ቁልፍ እየሠራች ኖረች። ስስ፣ ትንሽ እግር ያላቸው ሳህኖቿ ላይ በመርፌ የተጫሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ይህንን የጀመረችው በ1940ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ ኤቭበሪ በሚባል ቦታ በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ የጥንት ሰዎች በወፍ አጥንት የጫሩባቸውን ሸክላዎች ካየች በኋላ ነው። የጥንቱን ማሰሮ ቅርጽ አልወሰደችም፣ ንድፉንም አልወሰደችም። የወሰደችው ድርጊቱን ነው፤ በስለታም ነገር ቀለሙን ጭሮ ከሥሩ ያለውን ጭቃ ማሳየት። በከተማ ስቱዲዮዋ፣ በብረት መርፌ፣ በራሷ ስስ ሳህን ላይ። ማንም አይቶ ኤቭበሪ አይልም። የምትወስጂው ነገር ድርጊት ሲሆን እጅሽ ውስጥ ገብቶ ይለወጣል፤ የተጠናቀቀ መልክ ስትወስጂ ግን እንዳለ ይቀመጣል።

ሸክላ ሠሪዋ ማሪያ ማርቲኔዝም በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ከሳን ኢልዴፎንሶ መንደር ስትነሳ መጀመሪያዋ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ገል ነበር። በቁፋሮው ላይ የነበሩት ሰዎች እንደዚያ ዓይነት ዕቃ እንድትሠራ ጠየቋት። ያንን ስትፈልግ፣ ስታቃጥል፣ እሳቱን በእበት ስታፍን፣ ከባሏ ከጁልየን ጋር በ1919 አካባቢ ጥቁር በጥቁር ላይ የሚታየውን ሥራቸውን አገኙ። የሚያብለጨልጭ ጥቁርና ደብዛዛ ጥቁር፣ ሌላ ቀለም የለም። ሙሉ ዕድሜ የሚበቃ ሥራ ከዚያ ወጣ። ሐሳብ ሲጎድልሽ ቀለም መጨመር የሚያምርሽ ከሆነ እሷን አስቢ።

ግን ድንበርም አለው። አሁን በሕይወት ያለ ሰው ኑሮው የሆነውን መልክ ቀድተሽ አትሽጪ። ለልምምድ ሥሪው፣ ጨርሰሽ ወደ ጭቃ ባልዲው መልሺው። የአንድ ሕዝብ እምነት ያለበትን ምልክት ደግሞ ስለሚያምር ብቻ አታንሺ። በዚያው ኒው ሜክሲኮ ከ1000 እስከ 1130 ገደማ ሚምብረስ የሚባሉ የጥንት ሰዎች የሠሯቸው ሳህኖች ውስጣቸው በእንስሳና በሰው ሥዕል የተሞላ ነው፣ እኔ ካየኋቸው የሳህን ሥዕሎች ሁሉ የበላይ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ወለላቸው ተበስቶ በሟች ፊት ላይ የተደፉ ነበሩ፤ ከመቃብር ነው የወጡት። ከነሱ ጥንቸሉን መውሰድ የለብሽም። ሥዕሉ ከሳህኑ ጉብጠት ጋር እንዴት እንደሚጎብጥ፣ ከንፈሩ ሥር ያሉት ክብ መስመሮች እንዴት እንደ ክፈፍ እንደሚይዙት፣ ምን ያህል ነጭ ቦታ ዝም ተብሎ እንደተተወ ግን ተማሪ። ብዙ ሰው ሳህኑን ከውጪ ያስጌጣል፣ ውስጡን ባዶ ይተዋል። እነሱ ተቃራኒውን አደረጉ፣ ሰው ሳህን የሚያየው ከላይ ስለሆነ ልክ ነበሩ።

ስለ ግሌዝ ብዙ አልልም፣ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ አንድ ማዕድን ምረጪና እሱን እስከ ጥግ ድረስ እወቂው። ብረትን ውሰጂ። ተስማሚ በሆነ ግሌዝ ውስጥ ከ1 እስከ 2 በመቶ የብረት ኦክሳይድ ገብቶ ኦክስጅን ባነሰበት እሳት ሲቃጠል ሴላደን የሚባለውን ለስላሳ አረንጓዴ ይሰጣል። ከ8 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ ጥቁርና ቡናማ ይሆናል። ከአንድ ዱቄት ይህን ሁሉ ካገኘሽ ሃያ ባልዲ ምን ያደርግልሻል? ሙከራሽን ደግሞ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አታድርጊ፤ ግሌዝ በጉብጠት ላይ ይፈስሳል፣ ወለል ላይ ይጠራቀማል፣ ከንፈር ላይ ይሳሳል። የሙከራ ዕቃሽ ትንንሽ ሳህን ይሁን። ለምግብ የሚሆነው ውስጠኛው ክፍል ላይ ብቻ ጥንቃቄ አይጉደልሽ። እርሳስ ያለበት ነገር ፈጽሞ አይግባ፣ መዳብ የበዛበት ደብዛዛ ግሌዝም ኮምጣጣ ምግብ ሲነካው ሊለቅ ስለሚችል ውጪው ላይ ይቅር።

እና ነገ ምን ታደርጊያለሽ? አሥር ኳስ ጭቃ መዝኚ፣ እያንዳንዱ 500 ግራም። አንድ ጥያቄ ምረጪ፣ ከንፈር ወይም እግር ወይም ጥልቀት፣ አንዱን ብቻ። አሥሩን ሳህን ሥሪ፤ ያቺን አንዷን ነገር እየለወጥሽ ሌላውን ሁሉ ሳትነኪ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ያው የለመድሻቸው ይሆናሉ። አራተኛው፣ አምስተኛው አካባቢ ትሰለቻለሽ፤ ሁሉም ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። አታቁሚ። ከስድስት በኋላ እጅሽ የሚያውቀው ያልቅበትና መፈለግ ይጀምራል። ስምንተኛው ምናልባት ይበላሻል። ዘጠነኛውን ግን ደህና አድርገሽ እዪው። ከሥራቸው ቁጥር ጻፊባቸው፣ አሥሩንም በተርታ ደርድሪ፣ ሁለት ቀን አትንኪያቸው፣ ዝም ብለሽ በአጠገባቸው እለፊ። ዓይንሽ ሳታስቢው የሚመለስበት አንዱ ነው የሚቀጥለው አሥር መነሻ። ከእቶን ሲወጡ ደግሞ አንድ ሁለቱን ለሳምንት ብዪባቸው፣ እጠቢያቸው፣ ከሌላ ሳህን ላይ ደርቢያቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ከንፈር ያለሽ አስተያየት ከኔም ከማንም ምክር የተሻለ ይሆናል።

መጨረሻ ያነሳሽው የሥዕል ነገር፤ አታስቢበት። ሳህን ለመንደፍ የሚያስፈልግሽ ሥዕል አንድ መስመር ብቻ ናት፣ ከከንፈር እስከ እግር። እሷንም እርሳስ ካስፈራሽ በመቀስ አድርጊው። ጥቁር ወረቀት ለሁለት እጠፊ፣ ከእጥፋቱ በኩል ግማሽ ሳህን ቁረጪ፣ ስትከፍቺው ሁለቱ ጎን እኩል የሆነ ሙሉ ሳህን ይወጣል። ሃያ ቁረጪና መስኮት ላይ ለጥፊ፤ ጥላ ብቻ ስለሚሆኑ ቀለምና ጌጥ አያታልሉሽም፣ ደካማው ቅርጽ ወዲያው ይጋለጣል። ወረቀቱም ካልጣመሽ ደግሞ በጭቃ አስቢ። እኔ የማስታወሻ ደብተሬ በቃላትና በልኬት ነው የተሞላው፣ ሥዕል ብዙም የለበትም፤ ከደብተሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ግን በአውራ ጣት ተጭነው በወጡ እንደ እንቁላል ግማሽ የሚያካክሉ ሳህኖች ተሞልቷል። አንዷን ለመሥራት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ደስ ያለችኝን እለካታለሁ፣ በአራት አባዛታለሁ፣ ከዚያ ወደ መንኮራኩሩ።